የሰመጠው ይዘራል

በኅዳር ማለዳ፣ ጉሙ ሳይነሣ ገና፣
ኪቶ ባልዲ ውሃ ሞልቶ በርከክ አለና፣
የኦክ ፍሬውን ሁሉ ዘረገፈ ውሃው ውስጥ፤
ጥቂቱ ተንሳፍፎ ዋለ፣ ሌላው ጀመረ መስመጥ።
«ተንሳፋፊውን ጣለው፤ ትል የበላው ነው፣
የሰመጠውን ነው እኛ የምንዘራው»
አለችው ዊብከ፣ የደን ባለሙያዋ፣
በዕድሜ ከልጁ የምታንስ፣ ጭቃ የዋጠው ጫማዋ።
ኪቶ መልስ አልሰጠም። መስመጥ ለሱ አዲስ አይደለም፤
አንድ መንደር ሲሰምጥ አይቷል፣ ደወሉን ያዘለ ዓለም።

እዚህ ላይ ነበረች፣ በላውዚትስ ሜዳ፣ ዎልሺንካ ስሟ፤
ሠላሳ አንድ አባወራ፣ አንድ ደወል፣ አንድ ወፍጮ ነበር አቅሟ።
እዚህ ስል መሬቱን አይደለም፤ ቀና በሉና እዩት፣
ስድሳ ሜትር ወደ ላይ፣ ጉሙ የተኛበት።
የቤተ ክርስቲያኗ ደጃፍ ዛሬ የጭልፊት መንገድ፣
በእናቱ ጓዳ በኩል ደመና ሲነጉድ።

ከሥሯ ከሰል ነበር። ከተማው ብርሃን ፈለገ፤
ባለ ብረት ጥርሱ ማሽን መጣ፣ ጎጆውን እየጠረገ።
ሙታኗን በሣጥን ቆጥረው በካሚዮን አጋዙ፤
ሕያዋኑም በር የሌለው ቁልፍ በኪሳቸው ያዙ።

ማሽኑንስ ማን ነዳው?
ኪቶ ነው።
ሃያ ስድስት ዓመት ነዳው።
የአባቱን ጣሪያ ያነሣው ማታ ነው፣ በሌሊት ፈረቃ፤
ሬዲዮ ከፍቶ ነበር፣ የኳስ ጨዋታው እስኪያበቃ።

አሁን በእጁ ዱላ ነው፣ ሁለት ጣት ልክ ምልክት ያለው፤
ወግቶ፣ ፍሬ ጥሎ፣ በተረከዙ የሚደፍነው።
ያኔ በአንድ ጉርሻ ስንት ማሳ የሚውጥ፣
ዛሬ በቀን አንድ ሺህ ቀዳዳ፣ ወገቡን ይዞ ሲያምጥ።
አፈሩ ሆምጣጣ ነው፤ ኖራ ጠጥቶ እንኳ አልረካም፤
ችግኝ ሁለቴ ተክለው ነበር፣ ደርቆ ቀረ፣ አልተሳካም።
በላስቲክ ያደገ ሥር መጠምዘዝ እንጂ መውረድ አያውቅም፤
ዘር ግን ወደ ታች ሳይልክ፣ ወደ ላይ አይልክም።

ገመድ ወጥሮ ዘራ፣ እንደ ሐዲድ ቀጥ ያለ፤
ድሮም የታዘዘውን ነው፤ ከመስመር ወጥቶ የት ዋለ?
አይጥ መጣ በበረዶው ሥር፣ የዱር አሳማ ከኋላ፣
መስመሩን ይዞ፣ እንደ ማዕድ፣ ከዳር እስከ ዳር በላ።
በግንቦት ዊብከ ቆጠረች፤ ከመቶው አሥራ አንድ።
ኪቶ ዱላውን ጣለው፣ ዛለበት ያ ደንዳና ክንድ።
«ጥሩ ነው» አለችው እሷ፣ ከደብተሯ ቀና ሳትል፤
እሱ ያጣውን ቆጠረ፤ ሰማንያ ዘጠኝ ቀዳዳ፣ ሰማንያ ዘጠኝ በደል።

ያን ዕለት ብቻውን ሄደ፣ ዱላም ገመድም ሳይዝ፣
ከቁልቁለቱ ጀርባ፣ ማንም ዘር ይዞ ወደማይጓዝ።
እዚያ አገኛቸው፤ አንድ ኦክ፣ ከወዲያ ሁለት፣ ከድንጋዩ ጥግ ሦስት፣
እንደ ልጆች የተበተኑ፣ ያለ ልኬት፣ ያለ ሥርዓት።

ማን ዘራው?
የቁራ ዘመድ ናት፣ ክንፏ ላይ ሰማያዊ ጥለት ያላት ጯሂ ወፍ፤
ከባልዲው ሰርቃ ሰርቃ፣ ለበረዶ ቀን ስትደብቅ እልፍ፣
የደበቀችበት ጠፋት።
መርሳቷ ሥር ሰደደ፣ ቅጠልም አወጣ፣
እያንዳንዱ ስንዝር የማይሞላ፣ እያንዳንዱ ፀሐይ ሊጠጣ።

ኪቶ ግን የረሳው የለም፤ የየቤቱን ቁጥር ያውቃል፤
የማን በር ሲከፈት ያቃስት እንደነበር፣ ዛሬም ጆሮው ይሰማል።
ሊዛ፣ የወፍጮዋ ባለቤት፣ ቁልፏን ስታስረክብ ያን ቀን፣
«መሬት» ብላው ነበር፣ «አትረሳም በቀሏን።»
ሠላሳ ዓመት ጠበቀው፤ ከእግሬ ሥር ይከዳል ብሎ፣
በየሌሊቱ አዳመጠ፣ ጆሮውን ትራስ ላይ ጥሎ።
መሬት ግን የምታውቀው በቀል መብቀል ኖሮ፣
ቆሞ አያት፣ በአደባባይ እንደ ተያዘ ሌባ ደንብሮ።

ለዊብከ አልነገራትም። በሚቀጥለው ኅዳር፣
ከሰመጡት አንድ እፍኝ በኪሱ ይዞ ወጣ፣ ገመድ ሳይወጥር።
እዚያም እዚያም ቀበረ፤ ምልክት አላስቀመጠም፤
ሲመለስ ዞሮ አላየም።
እርምጃውን እንዳይቆጥር፣ እግሩ ልማድ አለበትና፣
ያፏጭ ጀመር፤ የድሮ የሬዲዮ ማስታወቂያ፣
እየሳተ፣ እንደገና።